ለአፍ ውስጥ ቁስል የሚቀባ መድኃኒት አልያዝልኝ አለ፤ እንዴት ልጠቀምበት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። መምህርት ነኝ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ በታችኛው ከንፈሬ ውስጠኛ በኩል ወይም በምላሴ ጠርዝ ላይ መሐሉ የነጣ፣ ዙሪያው የቀላ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ቁስል ይወጣብኛል። በዐሥር ቀን ገደማ በራሱ ይድናል፤ እስኪድን ድረስ ግን ክፍል ውስጥ መናገር ያቅተኛል፤ በርበሬ የገባበት ወጥ ይቅርና አልጫው እንኳ ያቃጥለኛል። ከመድኃኒት ቤት ትራያምሲኖሎን የተባለ ወፍራም ቅባት ተሰጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን በጣቴ ባሸሁት ቁጥር እየተፈረፈረ ከምራቄ ጋር ይወጣል፤ ለሕመሙም ያን ያህል አልረዳኝም። እናቴ ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማከሴ እንድቀባበት ትመክረኛለች። የሚቀባውን መድኃኒት በትክክል የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1፦ ፋርማሲስት

እህቴ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ከማለታችን በፊት አቀባቡን እንመልከት፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚሁ ላይ ነውና። ይህ ቅባት እንደ ቆዳ ቅባት አይታሽም። በባሕርዩ ሲያሹት እንደ አሸዋ ይፈረፈራል፤ ሳይታሽ ጫን ተደርጎ ሲቀመጥ ግን ከእርጥበቱ ጋር ተዋሕዶ ቁስሉን የሚሸፍን ለስላሳ ስስ ሽፋን ይሠራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ምግብዎን ጨርሰው አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፤ ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጥጥ ነካ ነካ አድርገው ምራቁን ያድርቁ፤ በመጨረሻም ከቁስሉ መጠን ያልበለጠ ቅባት በጥጥ ጫፍ አንሥተው ያስቀምጡበት። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ከምግብ በኋላ ይሁን፤ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት ቢሆን መልካም ነው፤ ሌሊት ምራቅም ንግግርም ስለሚቀንስ መድኃኒቱ ከቁስሉ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ትራያምሲኖሎን ብግነትን የሚቀንስ እንጂ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አለመሆኑ ነው። ቁስሉ ገና ሲጀምር፣ የመቆጥቆጥ ስሜት በተሰማዎት ዕለት ከጀመሩት ይበልጥ ይጠቅማል፤ በአምስተኛው ቀን ቢጀምሩት ግን ሊያተርፉት የሚችሉት ጥቂት ነው። ሕመሙን ወዲያው የሚያስታግሰው 2 በመቶ ሊዶካይን ያለው ጄል ነው፤ ክፍል ከመግባትዎ ጥቂት ደቂቃ አስቀድመው ቁስሉ ላይ ብቻ በጥጥ ጫፍ ይንኩት። በፈሳሽ ሊዶካይን አፍዎን ሁሉ ከተጉመጠመጡ ግን መደንዘዙ ጉሮሮን ስለሚይዝ ትንታ እንዳያስከትል ለአንድ ሰዓት ያህል ከመብላት ይቆጠቡ።

ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫም ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ይረዳል፤ ሆኖም የጥርስ ሳሙና ኃይሉን ስለሚያዳክመው በሁለቱ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ቡናና ሻይ ለሚያዘወትር ሰው ጥርስን ስለሚያበልዝ ለረጅም ጊዜ እንዲጠቀሙበት አልመክርም።

ምላሽ 2፦ የሁለት ልጆች እናት

በቤት ውስጥ የረዳኝ፣ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጉመጥመጥ ነው፤ መጀመሪያ ይቆጠቁጣል፣ ቆይቶ ግን ያቀላል። ልጆች ላላችሁ ግን አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብ፦ ለአዋቂ የተሰጠውን የማደንዘዣ ጄል ለሕፃን አትቀቡ። በተለይ ቤንዞካይን ያለበት ጄል የደምን ኦክስጅን የመሸከም ዐቅም ሊያውክ ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም። ማር ለመቀባት ለምታስቡም፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይፈቀድም።

ምላሽ 3፦ የጥርስ ሐኪም

የእናትዎን ምክር በአክብሮት ልመልስ። ብዙ ጊዜ ምች የምንለው በከንፈር ውጫዊ ጠርዝ ላይ ውኃ የቋጠሩ ደቃቅ ፍሬዎች ሆኖ የሚጀምረውን፣ ሄርፒስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣውን ነው። የእርስዎ ቁስል በአፍ ውስጥ ባለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ብቻ የሚወጣና ውኃ ሳይቋጥር የሚጀምር ከሆነ አፍተስ የሚባለው፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈው ዓይነት ይመስላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ትራያምሲኖሎን በሄርፒስ ላይ ቢቀባ ቫይረሱ እንዲስፋፋ ሊረዳ ይችላል። ዳማከሴውን ግን ክፍት ቁስል ላይ ባይጨምቁት እመርጣለሁ። አስፒሪን አድቅቀው የሚያስቀምጡም አጋጥመውኛል፤ አስፒሪን ሥጋውን አቃጥሎ በነበረው ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

በዓመት አራትና አምስት ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ የብረት፣ የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 መጠንዎን በደም ምርመራ ቢያዩት ተገቢ ነው። የጥርስ ሳሙናዎንም ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የተባለው አረፋ ማውጫ ወደሌለበት መለወጥ አንዳንድ ሰዎችን ይረዳል፤ የሚወጋ የተሸረፈ ጥርስ ካለም ይስተካከልልዎት። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ግን፣ ባያምም እንኳ፣ ቅባት እየቀያየሩ የሚጠብቁት አይደለም፤ ካንሰር አለመሆኑ በሐኪም መታየት አለበት።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካ እስከ ዛሬ ቅባቱን ሳሸው የኖርኩት በስሕተት ነው። የእኔ ቁስል ከከንፈሬ ውጭ ወጥቶም ውኃ ቋጥሮም አያውቅም። ትናንት ማታ አድርቄ ሳላሸው አስቀመጥኩት፤ ጠዋት ስነሣ ሽፋኑ አሁንም በምላሴ ይሰማኝ ነበር። ለደም ምርመራው በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።