ክርክር፦ ልቦለድ መተንተን የሚጀመረው ከንድፈ ሐሳብ ነው ወይስ ከመጽሐፉ?

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳርም አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ተማሪው በ1958 ዓ.ም. ስለታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሊጽፍ ይነሳና አሥራ ሁለት ገጽ ስለ ሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ ንድፈ ሐሳብ ያትታል። ቀጥሎ ታሪኩን ይተርክልኛል። መጨረሻ ላይ «የልቦለዱ ጭብጥ ፍቅር ነው» ብሎ ይዘጋል። ይህን ማን ይከራከረዋል? ሽፋኑ ላይ ተጽፏል! እኔ የምለው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ንድፈ ሐሳብ ይቅር። ተማሪው አንድ ትዕይንት ይዞ ደጋግሞ ያንብብ። ሌላ አንባቢ «አልስማማም» ሊለው የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍና ከመጽሐፉ ቃል እየጠቀሰ ያስረዳ።

የማስተርስ ተማሪ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቱን ተማሪው ላይ ብቻ አይጣሉት። የእኔ ፕሮፖዛል ሁለት ጊዜ የተመለሰው «ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፉ የታለ?» ተብሎ ነው። መጽሐፉን እንዴት እንዳነበብኩት የጠየቀኝ የለም። ደግሞም የልቦለዱን ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ሰብለ ወንጌልን ድሮ የማያት እንደ አፍቃሪ ብቻ ነበር። ለጋብቻ ጠያቂ በመጣ ቁጥር የሚመዘነው የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ክብር እንጂ የእሷ ፈቃድ አለመሆኑን ልብ ያልኩት እንስታዊ ሂስ፣ ማለትም ድርሰትን ከሴቶች ቦታና መብት አንጻር የሚመረምር ሂስ፣ ካነበብኩ በኋላ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፦ ችግሩ እኛ ጋ ይጀምራል። ሴራ፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ እያልን ትርጉም እናስሸመድዳለን። ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ በላይ ተማሪ አለ፤ ድርሰት አርሜ ስለማልዘልቀው ፈተናዬ ምርጫ ነው። ያልጻፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከየት ያመጣዋል?

ቅኔ ቤት ያለፈ፦ በጥልቀት ማንበብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአንድምታ፣ በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ስልት፣ ንባቡ ይቀድማል፤ ነጠላ ትርጉሙ ይከተላል፤ ከዚያ «አንድም» እየተባለ ሌላ ፍች ይመጣል፤ ሲያሻ ሐተታ ይገባል። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭር ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ ግን አልፏት የሚሄድ ተማሪ የለም።

የማስተርስ ተማሪ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ግን አንድምታ ፍቾቹን ጎን ለጎን ያኖራል። እኛ የሚጠበቅብን አንዱን መርጠን ሌላው ለምን እንደማይበቃ ማሳየት ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ እህቴ፣ ስለ ሰብለ ያልሽው አሳምኖኛል፤ ሁለት ዓመት ያልኩትን ወደ አንድ ሴሚስተር ዝቅ አድርጌዋለሁ። ያሳመነኝ ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ስላሳየሽኝ ነው። በልቦለዱ ውስጥ የዘመኑን ልማድ የሚተቸው ካሣ ዳምጤ «ጉዱ» የተባለው ለሰዎቹ እብድ ስለመሰላቸው ነው ብለው ተማሪዎቼ ያልፋሉ። አንዱ ግን «ቅጽል ስሙ ሰዎቹ ለትችቱ መልስ ሳይሰጡ የሚያመልጡበት ዘዴ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ሦስት ቦታም ጠቀሰ። የአንድም ምሁር ስም አልጠራም። የዚያን ዓመት ከፍተኛውን ውጤት የሰጠሁት ለእሱ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፦ እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ከነማስረጃው ከሆነ ስልሳውንም ማረም እችላለሁ። ሰኞ የምጠይቃቸው ስለ ሰብለ ወንጌል አፍቃሪ ስለ በዛብህ ነው፦ መከራውን ያመጣበት ወላጆቹ የተሳሉት ስለት ነው ወይስ እሱ በስለቱ ማመኑ?