ያመመው ሰው ዓይን ቢያጠፋ ማን ይጠየቃል?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የከበደኝን ነገር ይዤ መጣሁ። ታናሽ ወንድሜ የባጃጅ ሹፌር ነው። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ በድንጋይ መትቶ ግራ ዓይኑን አጠፋው። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ አመመው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ያወራል። «ሊገድሉኝ ነው» እያለ ሌሊት ይነሳል። የዚያን ቀን ወንድሜ በራችን ላይ ባጃጁን እያጠበ ነበር። ልጁ መጣና «ለምን ትከተለኛለህ?» አለው። ወንድሜ ዞር ሲል ድንጋዩ ዓይኑ ላይ አረፈ።

አሁን ፍርድ ቤቱ ልጁ እንዲመረመር አዟል። ያገኘን ሁሉ «በቃ፣ ነፃ ሊወጣ ነው» ይለናል። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። ልጁ መታመሙን አልክድም። ግን የወንድሜ ዓይንስ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሕጉ ለታመመው ብቻ ነው የሚያስበው?

የዓባይ ማዶው፦
ወንድምህን እግዜር ይማርልህ። እኔ በግልጽ ነው የምናገረው። ይሄ «አእምሮው ታውኮ ነው» የሚባል ነገር መቅረት አለበት። አሜሪካኖች እንኳ ተማርረውበታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ሂንክሊ የሚባል ሰው ፕሬዚዳንት ሬገንን ተኩሶ አቆሰለ። በዓመቱ ፍርድ ቤት «አእምሮው ታሞ ነው» ብሎ ነፃ አለው። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ምክር ቤታቸውም በ1984 ሕጉን አጠበቀው። እኛ አገር ቂም ያለው ሰው ሦስት ቀን ጨርቁን ጥሎ ቢዞር፣ በአራተኛው ቀን ጠላቱን ገድሎ ሊያመልጥ ነው?

ጠበቃው፦
ወንድሜ፣ የሂንክሊን ታሪክ ከጀመርከው እንጨርሰው። ነፃ ተባለ እንጂ ቤቱ አልሄደም። ሆስፒታል ገባ። ከሆስፒታል ውጭ እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ነው። የፍርድ ቤት ክትትሉ ሙሉ በሙሉ የተነሳለት ደግሞ በ2022። ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነው። ይሄን ማምለጥ አልለውም።

ወደ እኛ ሕግ ልምጣ። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 መታመምን ብቻ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያችን ሰዓት ነው። ሰውዬው ድርጊቱን ሲፈጽም የሚያደርገው ነገር ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስከትል መረዳት ይችል ነበር? ቢረዳስ ራሱን መግዛት ይችል ነበር? ከሁለቱ አንዱን በሕመም ምክንያት ካልቻለ አይቀጣም። ድሮ ታሞ መታከሙ ብቻውን አያድነውም። ዛሬ ፍርድ ቤት ቆሞ መቀባዠሩም እንዲሁ።

አሜሪካኖቹ በ1984 ከፌዴራል ሕጋቸው የሰረዙት ሁለተኛውን ነው፤ ራስን የመግዛቱን። እኛ ጋ ሁለቱም አሉ። እኔ ሁለቱም መኖራቸውን እደግፋለሁ። «ምታው፣ ምታው» የሚል ድምፅ ቀን ከሌት የሚሰማ ሰው መምታት ክፉ እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል። ማወቁ ግን እጁን አይዝለትም።

በመሐል ያለም አለ። ችሎታው ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ፣ የቀነሰ ብቻ ከሆነ አንቀጽ 49 ቅጣቱን ያቀልለታል እንጂ አይምረውም።

የዓባይ ማዶው፦
እሺ፣ አረቄውን ጠጥቶ «ራሴን አላውቅም ነበር» የሚለውስ?

ጠበቃው፦
አንቀጽ 50 አለልህ። ወንጀል ለመሥራት ብሎ የሰከረ ሰው እንደ ጤነኛ ይቀጣል። ሳያስብበት በራሱ ጥፋት የሰከረም ዝም አይባልም።

ሲስተር ከሽምብጥ፦
ስለ ማስመሰሉ እኔ ልናገር። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዶክተር ፊት ግማሽ ሰዓት ማበድ ይቻላል። ሌሊት በ9 ሰዓት፣ ሰው አያየኝም ብሎ ሲያስብ ማበድ ነው የሚከብደው። አስመሳዩ የሰማውን የበሽታ ምልክት ሁሉ አንድ ላይ ያመጣል። በእውነት ያመመው ግን ብዙ ጊዜ የሚለው «እኔ ምንም አልሆንኩም» ነው። ታሟል መባልን ይጠላል። ለዚህ ነው ምርመራው በአንድ ቀን የማያልቀው። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ንግግሩን እናያለን፤ ቤተሰቡንም እንጠይቃለን።

የግሽ ዓባይ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጁ መድኃኒት ይወስድ ነበር?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
ይወስድ ነበር። እናቱ እንደነገረችን ከፋሲካ ወዲህ አቁሟል። ዋጋውም ከበዳት፤ እሱም «መርዝ ነው» እያለ ይተፋው ጀመር። ከዚያ ወደ ጠበል ወሰደችው። ስትመልሰው እግሩ ላይ ሰንሰለት ነበር። ቁልፉን አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር አስራው ነበር የምትዞረው። የዚያን ቀን ገላውን ላጥበው ብላ ነው የፈታችው።

የዘጌው፦
ልጆቼ፣ እኔ ሸምግያለሁ፤ ደም ብዙ አድርቄአለሁ። በኛ ዘመን ልክፍት የያዘው ሰው ቢገድል «ደመኛ» አይባልም ነበር። በቀል አይፈለግበትም። ቤተሰቡ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሽማግሌ ይልካል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሳ ይከፍላል። አሁን የማየው ልጁ ሆስፒታል ይሄዳል፣ የተጎዳው ቤት ባዶ እጁን ይቀራል። ሕጉ ለካሳው ምን ይላል?

ጠበቃው፦
አባቴ፣ የተናገሩት ነገር ሕጉም ውስጥ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥፋት ሲመዘን የአድራጊው የአእምሮ ሁኔታ አይታይም፤ አንቀጽ 2030 ነው። ስለዚህ በወንጀል ያልተቀጣ ሰው ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 2099 ደግሞ የሚሠራውን የማያውቅ ከነበረ፣ ርትዕ (ፍትሐዊነት) ሲያስገድድ ዳኛው ካሳውን እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ልጁ የሚከፍለው ነገር ከሌለው ፍርዱ ወረቀት ላይ ሊቀር እንደሚችል ግን አልደብቅም።

የዓባይ ማዶው፦
እሺ፣ አይቀጣ እንበል። ከዚያስ? ነገ እዚያው ሰፈር፣ እዚያው በር ላይ ሊቆም ነው?

ጠበቃው፦
ሕጉ እንደዚያ አይልም። ከአንቀጽ 129 ጀምሮ አንብበው። ለሕዝብ ደኅንነት አደገኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተገቢ ተቋም ውስጥ እንዲቆይ ያዛል። ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ እንዲታከም ያዛል። የጊዜ ገደብ የለውም። በየሁለት ዓመቱ ግን ጉዳዩ እንደገና መታየት አለበት። የሐኪሙ ድርሻ የሳይንሱን ግኝት ማቅረብ ነው። ተጠያቂ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ዳኛው ነው።

ሲስተር ከሽምብጥ፦
«ተገቢ ተቋም» ላይ ነው እኔ የምናደደው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም አሉን፤ አእምሮ ይታከምባቸዋል። ፖሊስ አጅቦት የመጣን ሕመምተኛ ግን ለወራት ጠብቆ የሚያክም ክፍል ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ስሙ የሚጠራው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው። አንድ ቀን ሙሉ መንገድ። አልጋ እስኪገኝ ሰውዬው የት ይቆያል? ማረፊያ ቤት፣ ከጤነኛ እስረኛ ጋር። ወይ ቤቱ፣ በሰንሰለት። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ሥጋው የጎደጎደ ሰው በእጄ አጥቤአለሁ። ያንን ያደረገው የምትወደው እናቱ ናት፤ ሌላ አማራጭ አጥታ።

የዓባይ ማዶው፦
ሲስተር፣ ስለ አስመሳዮቹ ያልሽኝን ተቀብያለሁ። ሕጉንም አሁን አልጠላሁትም። ግን ክትትሉ ከሌለ ያ በየሁለት ዓመቱ የሚባለው ለኔ ወረቀት ነው። ሰፈሩ ተማምኖ እንዲያድር የሚያደርግ ነገር አሳዩኝ።

ጠበቃው፦
እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። የግሽ ዓባይ ልጅ፣ በቀጠሮው ቀን ዐቃቤ ሕጉን አግኘው። «ያልቀጣችሁት እንደሆነ የሕክምና ትእዛዝ ይሰጥልን፣ የት እንደሚታከምና ማን እንደሚከታተለው በስም ይጻፍ» በለው። የካሳውን ክስ ደግሞ በጎን ጀምሩት፤ ይርጋው፣ ማለት ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ የሁለት ዓመት ነው፣ እንዳያልፋችሁ።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን የጻፋችሁትን ለወንድሜ አነበብኩለት። በአንድ ዓይኑ ግድግዳውን እያየ ነበር የሚሰማኝ። ስጨርስ ዝም አለ። ቆይቶ «እስር ቤት ቢገባ ዓይኔ አይመለስም» አለኝ። «መድኃኒቱን መዋጡን የሚያይ ሰው ግን ይመደብልኝ። እናቱ ብቻዋን አትችልም።»

ቀጠሮው ረቡዕ ነው። ይሄንኑ ቃሉን እንዳለ ይዤ እሄዳለሁ።