የአርሴናሌ ጉዞ ፕሮፖዛል፦ እስከ አርብ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ለኮሙኔው፣ ለከተማው አስተዳደር፣ የሚገባው ረቂቅ ተያይዟል። ዓላማው ያው ነው፤ እዚህ ሚላኖ የተወለዱ ልጆቻችንን የቬኒስን አርሴናሌ ማሳየት። እ.ኤ.አ. በ1104 እንደተጀመረ የሚነገርለት የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ነው። የመርከቡ ቀፎ በቦዩ እየተጎተተ ሲያልፍ ከግራና ከቀኝ መጋዘኖች ገመዱን፣ መሣሪያውን፣ ስንቁን በመስኮት ያቀብሉት ነበር። ገመድ ይገመድበት የነበረው አዳራሽ ብቻ ከ300 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከ1980 ጀምሮ ቢየናሌው፣ የቬኒስ ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርኢት፣ ኤግዚቢሽን ያሳይበታል። ልጆቹ ሥራ እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚሠራ የሚያዩበት ቦታ ነው። ቲሸርቱ ላይ የበሩን አንበሳ አድርጌያለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የእንቁጣጣሹ አዳራሽ ኪራይ ገና አልተከፈለም፣ ይታወቅልኝ። አውቶቡስ አለ፣ የቢየናሌ ትኬት አለ፣ በዚያ ላይ ቬኒስ ደርሶ ተመላሹን ከ2024 ወዲህ በተመረጡ ቀናት መግቢያ ታስከፍላለች። ቀን ሳትቆርጡ ሂሳብ አትጠይቁኝ።

አዲስ አባል፦ አስጎብኚና ትኬት ለእኔ ተዉት። እስከ ረቡዕ እጨርሳለሁ።

የሊያ እናት፦ የትኛው አንበሳ?

ጸሐፊ፦ በር ላይ ካሉት ትልቁ፣ የእብነ በረዱ። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ የመጣው።

የሊያ እናት፦ ተዘርፎ ነዋ የመጣው! በ1687 የቬኒሱ ጦር አዛዥ ሞሮሲኒ ከአቴንስ ጦርነት ጭኖት ነው የሄደው። የይሁዳ አንበሳችንን ነቅለው ሮም፣ ተርሚኒ አጠገብ፣ ዶጋሊ ላይ ለሞቱ ወታደሮቻቸው ካቆሙት ሐውልት ሥር ያቆሙብን ሰዎች ነን። ልጄ የሌላ አገር ምርኮ ደረቷ ላይ ለጥፋ አትዞርም። ይህ ካልተነሣ አላዋጣም።

ኦዲተር፦ ለአንድ ቲሸርት ጉዞ ይበላሽ?

የሊያ እናት፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ቲሸርት ነው። ለእኔ አይደለም።

የወጣቶች ተጠሪ፦ አንበሳው ትከሻ ላይ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች በራሳቸው ፊደል የቀረጹት ጽሑፍ አለ። ልጆቹን የሚያስገርማቸው እሱ ነው፤ ከበሩ ውጭ ስለቆመም ማየቱ በነጻ ነው። አንበሳውን እዚያው እናሳያቸው፣ ቲሸርቱ ላይ ግን ጀልባ ይሁን።

ኦዲተር፦ ጀልባ? ከመካከላችን በላምፔዱሳ በኩል የገባ የለም? እህቱን ባሕር ላይ ያስቀረ የለም? ጀልባ ለብሶ ይሂድ?

የወጣቶች ተጠሪ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ጀልባው ይቅር።

የሊያ እናት፦ እንግዲያው የራሳችን የይሁዳ አንበሳ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመልሶ አዲስ አበባ ለገሃር ቆሟል።

ገንዘብ ያዥ፦ ዘውድና ባንዲራ ይዞ ወይስ ሳይዝ? በባንዲራ ምክንያት ስንት ሰው እንደወጣ ረሳችሁት? አሁንም ሊደገም ነው?

የሊያ እናት፦ የወጡት በባንዲራ አይደለም፣ በገንዘቡ ነው!

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙ ሁሉ አለኝ። ማየት የሚፈልግ ቤቴ ይምጣ።

ጸሐፊ፦ በቃ! በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቢየናሌው የራሷ ፓቪሊዮን፣ የአገር ማሳያ ቦታ፣ ነበራት፤ የሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕሎች ቬኒስ፣ ፓላዞ ቦላኒ ሲታዩ እኛ እንዲህ ስንጨቃጨቅ አመለጠን። አሁንም ሊያመልጠን ነው። አስጎብኚ አመጣለሁ ያልከው ወንድሜ፣ የት ገባህ? ረቡዕ አለፈ እኮ።

ኦዲተር፦ እትዬ፣ የተናገርኩት ለክፋት አይደለም። ስለ ዝርፊያው ያነሣሽው ቁም ነገር ነው፣ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባ።

የሊያ እናት፦ እንደሱ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ። የአክሱም ሐውልትም ይግባ። በ1937 ተወስዶ በ2005 ነው የተመለሰው፤ ሮም የቆመበትን አደባባይ ልጆቹ ማየት አለባቸው።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ደስ ይላል። ርዕሱን «የተወሰዱ ቅርሶች» እናድርገው፤ ቬኒስን በአንበሳው በኩል እናስገባዋለን።

ጸሐፊ፦ የገመዱ አዳራሽስ? ፕሮፖዛሉ የተጻፈው ለመርከብ መሥሪያው ነው! እኔ አሁንም የሥራ ቦታውን ቢያዩ ይጠቅማቸዋል እላለሁ።

የሊያ እናት፦ ጊዜ ከተረፈ ይገባሉ።

አዲስ አባል ከቡድኑ ወጥቷል።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ሮምን ጨምሬ ዛሬ ማታ እልካለሁ። አርሴናሌውን ግን ከመጀመሪያው ገጽ አላወጣውም። ቲሸርቱ ላይ ስማችን ብቻ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሮም ከሚላኖ ደርሶ መልስ የሚሆን አይደለም። ማደሪያውን የሚከፍለው ማን ነው?