ክርክር፦ «ላብ ያልነካው ሙዚቃ» የትኛው ነው?

የፒያኖ መምህር፦
ትናንት አንድ የቡድናችን አባል «በኮምፒውተር የሚቀናበር ሙዚቃ ሁሉ ላብ ያልነካው ሙዚቃ ነው፤ ባለሙያው ማሽኑ እንጂ ሰውየው አይደለም» ብለው ጽፈዋል። ብዙዎች በድጋፍ አልፈውታል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፒያኖም እኮ ማሽን ነው። ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ መዶሻው ገመዱን መትቶ ወዲያው የሚመለስበትን ስልት ባይፈጥር ኖሮ፣ በጣት ክብደት ብቻ ከሹክሹክታ እስከ ነጎድጓድ የሚደርሰው አጨዋወት፣ ለዚያ አጨዋወት ሲባል የተደረሰውም ሙዚቃ ሁሉ ባልኖረ ነበር። ላብ የጠፋው ከየትኛው ማሽን ጀምሮ እንደሆነ ይንገሩን።

ድራም ተጫዋች፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ከቃሌ አልመለስም። መምህር፣ ፒያኖው እርስዎን ይጠብቃል እንጂ ስሕተትዎን አያርምልዎትም። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ ውስጥ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ፣ ማለትም የአንድ ምት ሩብ፣ 125 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ እኔ ስኔሩን፣ ያንን ሹል ድምፅ ያለውን ድራም፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ወደ ኋላ የምይዘው አውቄ ነው፤ ሙዚቃው ደገፍ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነውና። አንድ አቀናባሪ ግን ቀረጻዬን ተቀብሎ በአንዲት የኮምፒውተር ትእዛዝ ምቱን ሁሉ ወደ እኩል ልክ ጎትቶ በመስመር አሰለፈው። ሥራው ሲወጣ ስሜ ተጽፎበታል፤ ስሰማው ግን የተጫወትኩት እኔ አልነበርኩም። ይህን ነው ላብ ያልነካው ያልኩት።

የድምፅ መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ የደረሰብዎት በደል እውነተኛ ነው፤ በዳዩ ግን ማሽኑ አይደለም። ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ኤልኤም-1 የድራም ማሽን ምቱን በመስመር ከማሰለፉ ጋር ምቱ ወደ ኋላ የሚወዛወዝበትን ምርጫም አብሮ ይዞ ነው የመጣው። በኋላም አሜሪካዊው የሂፕሆፕ አቀናባሪ ጄ ዲላ በኤምፒሲ፣ የተቀዳ ድምፅ በጣት እየተመታ በሚጫወትበት ማሽን ላይ፣ ማሰለፊያውን አጥፍቶ እንደሠራ ይነገራል፤ ያቺ ያልተስተካከለች የምትመስል አመታቱ ዛሬ ስንት ድራመሮች በእንጨታቸው ሊያመጧት የሚለማመዷት ሆናለች። ሰው ከማሽን የተማረውን ወደ እጁ መለሰው ማለት ነው። «ላብ ያልነካው» በሚለው ቃልዎ ውስጥ እኚህን ሰውም ይጨምሯቸዋል?

ድራም ተጫዋች፦
አልጨምራቸውም፤ ማሰለፊያውን ያጠፉ ሰው ናቸውና። ለእኔ ነው የመሰከሩልኝ።

የድምፅ መሐንዲስ፦
አጥፍተውም ቢሆን የሠሩት በማሽኑ ነው። የጻፉት ደግሞ «በኮምፒውተር የሚቀናበር ሁሉ» ብለው ነው፤ «ሁሉ» የምትለውን ያንሷትና ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ያልቃል።

ድምፃዊት፦
«ሁሉ» የምትለው ትቆይና እኔን የሚያስጨንቀኝ ድምፅ ነው። ኦቶ-ቲዩን የተባለው፣ የዘፋኝን ድምፅ ወደ ትክክለኛው ኖታ የሚያስተካክለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የፈጠረው አንዲ ሂልደብራንድ ቀደም ሲል ነዳጅ ለመፈለግ ከመሬት ውስጥ የሚመለስን ሞገድ ሲተነትን የኖረ ሰው ነበር። በፕሮግራሙ ላይ ድምፁ ወደ ትክክለኛው ኖታ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሳብ የሚወስን መቆጣጠሪያ አለ፤ ዜሮ ላይ ሲደረግ በኖታና በኖታ መካከል ያለው መንሸራተት በሙሉ ይጠፋል። አንዳንዱ ዘፋኝ ያንን ብረትማ ድምፅ ፈልጎ ይጠቀምበታል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ማንም ሳያስተውለው በዝግታ ተስተካክሎ በሚያልፈው ላይ ነው። ከታች ተነሥቼ ወደ ኖታው የምወጣበት መንገድ የእኔ አዘፋፈን ነው፤ አንድ ስቱዲዮ ግን ሳይጠይቀኝ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ጠረገው። ጀማሪዎች ደግሞ የሚሰሙት የተጠረገውን ብቻ ስለሆነ፣ ጆሯቸው በዚያው ተቀርጾ የሰውን ድምፅ ሲሰሙ «ሳተ» ይላሉ።

የፒያኖ መምህር፦
እህቴ፣ ይህ ከባድ ነጥብ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1925 በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን መቅዳት ሲጀመር፣ በጆሮ ሥር የሚያንሾካሹክ ለስላሳ አዘፋፈን ተወለደ፤ ያኔም አዳራሽ በጉሮሯቸው መሙላት የሚችሉት ሰዎች «ይህ መዝፈን አይደለም» ብለው ነበር። ዛሬ እርስዎ ማይክሮፎን ይዘው መዝፈንዎን ማጭበርበር የሚል ሰው የለም።

ድምፃዊት፦
ማይክሮፎኑ ያልዘፈንኩትን አልዘፈነልኝም። ልዩነቱን እያወቁ ባያድበሰብሱት ደስ ይለኛል።

የድምፅ መሐንዲስ፦
ወደ ላቡ ልመለስ፤ ቴፕ በምላጭ ቆርጬ የሠራሁ ሰው ነኝና። ቴፑ በሰከንድ 38 ሳንቲ ሜትር ይሮጣል። መቁረጫውን ቦታ ለማግኘት ቴፑ የተጠቀለለባቸውን ሁለት ጎማዎች በእጅ ወዲህና ወዲያ እያንከባለሉ፣ ምቱ የሚጀምርባትን ጉርምርምታ በጆሮ ይዘው፣ በእርሳስ ምልክት አድርገው፣ መጋጠሚያው «ጭ» እንዳይል በሰያፍ ይቆርጡታል። አንድ ሳንቲ ሜትር ከሳቱ ወደ 26 ሚሊ ሰከንድ ሄደ ማለት ነው፤ ድራመራችን የሚሟገቱላት ቅንጣት ከእነ ሁለመናዋ ትጠፋለች። ዛሬ ያንኑ በስክሪን ላይ እቆርጠዋለሁ፣ ካልጣመኝም እመልሰዋለሁ። የጆሮው ሥራ ያው ነው፤ የጠፋው ፍርሃቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃቱ የሚጠቅመን ነገር ነበረው፤ ከመቁረጤ በፊት እወስን ነበር። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡትን «ሳርጀንት ፔፐር» አልበም በባለ አራት ትራክ መቅጃ፣ ማለትም አራት ድምፅ ለየብቻ በሚይዝ መሣሪያ ሲሠሩ፣ ትራኮቹ ሲሞሉ አንድ ላይ አዋሕደው ወደ ሌላ ቴፕ መገልበጥ ነበረባቸው፤ ከተዋሐደ በኋላ የአንዱን ድምፅ ለብቻው ማውጣት አይቻልም። አሁን መቶ ትራክ ከፍቶ አንዱንም ሳይወስን የሚልክልኝ አቀናባሪ ብዙ ነው። የፈጠራ ችግራችን እዚህ ላይ እንጂ ኮምፒውተር በመኖሩ ላይ አይመስለኝም።

ድራም ተጫዋች፦
«የጠፋው ፍርሃቱ ነው» አሉ። እኔ ላብ ያልኩትን እርስዎ ፍርሃት አሉት እንጂ ተስማምተናል።

የድምፅ መሐንዲስ፦
አልተስማማንም። ፍርሃት ከሌለም ዲሲፕሊን ያለው ሰው ይወስናል። እርስዎ ግን መሣሪያውን ይዞ የተቀመጠውን ሁሉ ከሙያ አስወጡት።

ወጣት አቀናባሪ፦
ከሙያ እንድወጣ የተደረግሁት መኝታ ቤቴ ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልናገር። ባንድ የምቀጥርበት፣ ስቱዲዮ የምከራይበት ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እናንተ ዘንድ ባለሙያ በተባልኩ ነበር። ሐርመኒ ያጠናሁት፣ የድራም አመታት ልዩነት የለየሁት ይህ ላፕቶፕ ደጋግሜ እንድሳሳት ስለፈቀደልኝ ነው። ሙያን ከገንዘብ ጋር አታደባልቁት።

ድራም ተጫዋች፦
ገንዘብ ካነሣህ፣ ልጄ፣ አንተ ያልቀጠርከው ድራመር እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበር አንድ ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) እና የድራም ማሽን ይከልከሉ ብሎ ሲነሣ ሰው ሁሉ ኋላ ቀር አላቸው። እነሱ ግን የሚሟገቱት ለእንጀራቸው ነበር።

ወጣት አቀናባሪ፦
ለእንጀራ መሟገት ተገቢ ነው። የሌላውን ሥራ «ሙዚቃ አይደለም» ማለት ግን የእንጀራ ሙግት አይደለም። ዛሬ ደግሞ ሁለት መስመር ጽሑፍ ሲሰጡት ሙሉ ዘፈን የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ እኔና እርስዎን በእኩል ከሥራ ሊያስወጣን የመጣው እሱ ሆኖ ሳለ እርስዎ እኔን ይወቅሳሉ።

ድምፃዊት፦
ያ ፕሮግራም የተማረው በማን ድምፅ እንደሆነ ጠይቀሃል? አንተም የሌላ ሰው ቀረጻ ቆርጠህ ስትጠቀም ፈቃድ ትጠይቃለህ ወይ?

ወጣት አቀናባሪ፦
እጠይቃለሁ፤ ካልተፈቀደልኝም እተወዋለሁ። ክሱን ለሚመለከተው ያድርጉት።

የፒያኖ መምህር፦
እርስ በርስ ከመካሰስ አንድ ነገር እንጠይቅ። ድራመራችን ያልተሰለፈውንና የተሰለፈውን ቀረጻ ጎን ለጎን ይለጥፉልን፤ ስም ሳይጻፍበት እንስማው።

ድራም ተጫዋች፦
ዛሬ ማታ እለጥፈዋለሁ። መሐንዲሷ ግን አስቀድመው ይናገሩ፦ ልዩነቱን ከሰሙ፣ ያንን ትእዛዝ የሰጠውን ሰው ባለሙያ ይሉታል?

የድምፅ መሐንዲስ፦
መጥፎ ባለሙያ እለዋለሁ። «ማሽኑ ነው» ብዬ ከተጠያቂነት አላወጣውም።