«ሳንሱር» እና «አትግዙ»፦ አንድ ቤት ይገባሉ?

ቃል ፈላጊ፦ አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም እዚህ አዳማ ሰው አስቆጣ። ወዲያው «የስፖንሰሩን ዕቃ አትግዙ» የሚል ጥሪ ዞረ። አዘጋጁ ደግሞ «ይሄ ሳንሱር ነው» አለ። ፍራንኮ ሰፈር ቡና ላይ ስንጨቃጨቅ አመሸን። ቃሉ ቦታው ነው?

የድሮ መምህር፦ አይደለም። ቃሉ የፈረንሳይ ነው፤ እኛ ግን ያወቅነው በመሥሪያ ቤት ነው። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት መንግሥት ያየዋል፣ ይሰርዛል። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ አስቀረው፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 ላይ «የቅድሚያ ምርመራ» ብሎ ከለከለው። «ቅድሚያ» የሚለው ትንሽ ይጠብባል። የደራሲ በዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» ከገበያ የተሰበሰበው እኮ ታትሞ ከተሸጠ በኋላ ነው! እኔ የማየው የከልካዩን ሥልጣን ነው። ሳንሱር አፍ መለጎም ነው። አለመግዛት፣ አለማድመጥ፣ መንቀፍ ግን ቢበዛ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ነው። ጆሮዬን የማዋስ ግዴታ የለብኝም።

የአዳማ ልጅ፦ ጋሼ፣ ኦሮምኛውንም ልጨምርልዎ። እንዲህ ያለውን አድማ «ለገና» ይለዋል (ከገና በዓል ጋር እንዳታምታቱት)። ከ«ለጉ» የመጣ ነው፤ ራስን መከልከል፣ እምቢ ማለት። የረሃብ አድማም ያው የምግብ ለገና ነው። የአማርኛው «አድማ» ግን የሴራ ሽታ አለው፤ «አደሙብኝ» እንል የለ? አዘጋጁን ያስበረገገው እሱ ይመስለኛል።

ቃል ፈላጊ፦ ስፖንሰሩ ፈርቶ ብሩን ቢያነሳና ፕሮግራሙ ቢዘጋስ?

የድሮ መምህር፦ ያ የእንጀራ ገመድ መበጠስ ነው። ቀላል ነገር አይደለም። ጥሪው በውሸት ላይ ከቆመ ደግሞ ግፍ ነው፤ ግፍ በሉት እንጂ ሳንሱር አትበሉት። ሰውየው ሌላ ስፖንሰር ፈልጎ ነገ ሊመለስ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የሚሲሲፒ ነጋዴዎች «ደንበኛ አሳደሙብን» ብለው ከስሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ሰላማዊው አድማ በንግግር ነፃነት የተጠበቀ ነው አለ። ዱላና ማስፈራሪያው ግን ጥበቃ የለውም አለ።

የአዳማ ልጅ፦ ስፖንሰሩን ያስፈራው ደንበኛ ሳይሆን የባለሥልጣን ስልክ ቢሆንስ፣ ጋሼ?

የድሮ መምህር፦ እሱን ሳንሱር በለው። ደብዳቤና ማኅተም ባይኖረውም።