ከመናገሻ ሱባ አፈር ያገኘሁት ባክቴሪያ አዲስ ዝርያ ሊባል ይችላል?

የሆለታዋ ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከመናገሻ ሱባ ደን ጠርዝ፣ ከጥድ ሥር ከወሰድኩት አፈር አንድ ባክቴሪያ ለይቻለሁ። በአሥረኛው ቀን አጋሩ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ላይ ጠመኔ የተነሰነሰበት የሚመስል ደረቅ ነጭ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) አበቀለ፤ ሳህኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ዝናብ የነካውን መሬት ይሸታል። ባክቴሪያዎችን ለመለየት የሚነበበው 16ኤስ የተባለው ዘረመሉ ከቅርብ ዘመዱ ጋር 98.2 በመቶ ይመሳሰላል። አዲስ ዝርያ ነው ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?

አፈር ወዳድ፦
ሽታውና ዱቄቱ ስትሬፕቶማይሲስ የተባለውን የአፈር ባክቴሪያዎች ወገን ያስጠረጥራሉ፤ ያ ሽታ የሚመጣው እነዚህ ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከተባለ ውህድ ነውና። ዝርያውን ግን አይነግሩዎትም። በ16ኤስ የተለመደው ወሰን 98.7 በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ ካነሰ አዲስ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከበለጠ ግን አንድ ዝርያ ናቸው ማለት አይደለም፤ በተለይ በስትሬፕቶማይሲስ ውስጥ 16ኤሳቸው እጅግ የተቀራረበ የተለያዩ ዝርያዎች አሉ። ስለዚህ ሙሉ ጂኖሙ (የዘረመሎቹ ሁሉ ስብስብ) ሊነበብና ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ሊነጻጸር ይገባል፤ የጂኖሞቹ አማካይ ተመሳሳይነት ከ95 በመቶ በታች፣ በስሌት የሚገኘው የዲኤንኤ ጥምረትም (ሌላው የጂኖሞች መመሳሰል መለኪያ) ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ክርክርዎ ይጸናል። ንጽጽሩም የዝርያው ስም ከተሰጠበት ዋና ናሙና ጋር ይሁን፤ በመረጃ ቋት ዝርዝር ላይ ቀድሞ የሚወጣው ስሙ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ለመሆኑ ከ16ኤሱ ያነበቡት ስንት የዲኤንኤ ፊደል ነው? ዘረመሉ እኮ 1,500 ገደማ አለው።

የሆለታዋ ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይሉን ከፍቼ ብመለከት 690 ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ነባር መምህር፦
እንግዲያው እህቴ፣ ያነበብሽው የዘረመሉን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ 98.2 የሚለውን ቁጥር ለጊዜው ተዪው፤ ዘረመሉን ከሁለቱም ጫፍ አስነብበሽ ሙሉውን አገጣጥሚና እንደገና አወዳድሪ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ባክቴሪያውን በ20 በመቶ ግሊሰሪን በብዙ ቱቦ ከፋፍለሽ፣ የተለያየ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪ። እኔ አንድ ቱቦ ብቻ ይዤ መብራት ለሦስት ቀን ጠፍቶ፣ የሁለት ዓመት ድካሜ ቀልጦ ጠብቆኛል፤ ያን ቱቦ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የአዲስ ዝርያ ስም በባክቴሪያ ስያሜ ሕግ የሚጸናው ሕያው ናሙናው በሁለት የተለያዩ አገሮች በሚገኙ የባክቴሪያ ማኅደሮች ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ከአገር ይወጣል፤ ለዚህም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውን አሁኑኑ አስገቢ። ቆርች ከተባለው ዛፍ ሥር እባጮች የተገኘው ብራዲራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ በሸዋ ስም «ሼዌንሴ» ተብሏል፤ ያንቺም ሲጸና የሱባን ስም ቢይዝ ደስ ይለኛል።