አረቄ፣ ሲጋራና የአፍ ካንሰር፦ ለእድር ስብሰባ ምን ላስተምር?

ጤና ኤክስቴንሽን (ሞጣ ዙሪያ)
ሰላም ለሁላችሁ። በቀበሌያችን ላለው የእድር ስብሰባ ስለ አፍ ካንሰር ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። ሰው የሚጠይቀው ብዙ ነው፦ አረቄ፣ ሲጋራ፣ ጫት፣ ትኩስ ቡና፣ የድድ ንቅሳት፣ መፋቂያ ሳይቀር። በእርግጥ የሚያመጣው የትኛው ነው? ሰው ቤቱ ሆኖ አፉን እንዴት ይፈትሽ?

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)
እህቴ፣ ሁሉንም እኩል አድርገሽ አትዘርዝሪ፤ ትምህርቱ ትምባሆና አረቄ ላይ ይክበድ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ያመጣሉ፤ አብረው ሲሆኑ ግን ጉዳታቸው አይደመርም፣ ይባዛል። አልኮል አፍ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ሳይቀር አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዝ ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ የሴሉን ዘረመል ይጎዳል። በዚያ ላይ የአፍ ስስ ሽፋን በአልኮል ሲላላ የትምባሆው መርዝ በቀላሉ ይዘልቃል። ከንፈርና ድድ መካከል የሚያዝ ትምባሆም ጭስ ስለሌለው አይጎዳም የሚባለው ስህተት ነው።

አረቄ በመለኪያ ስለሚጠጣ ትንሽ ይመስላል። ስሌቱን አሳዪያቸው፦ ጥንካሬው 45 በመቶ የሆነ 50 ሚሊ ሊትር አረቄ 18 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ያለው 13 ግራም ነው። አራት መለኪያ የጠጣ ሰው ከአምስት ቢራ በላይ ጠጥቷል ማለት ነው። ጥርስ ሲያም አረቄ አፍ ውስጥ መያዝም ይቅር፤ ድዱን ያቃጥላል፣ ሕመሙን አደንዝዞ ሕክምናውን ያዘገያል።

ነርስ (ደብረ ማርቆስ)
ስለ ቀሩት ልጨምር። ጫት ብቻውን የአፍ ካንሰር እንደሚያመጣ ማስረጃው እስካሁን አልጠነከረም፤ ነገር ግን በሚይዙበት ጉንጭ በኩል ሽፋኑ ሊነጣና ሊወፍር ይችላል። ትልቁ አደጋ አብሮት የሚጨሰው ሲጋራና ከኋላው የሚመጣው ጨብሲ ነው። ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥ የሚያሰጋው የምግብ ቧንቧን ነው፤ ቡናው ራሱ ጥፋት የለበትም፣ ትንሽ ይብረድ። መፋቂያን አትንኪባቸው። የተነቀሰ ድድ ላይ የቀለም ለውጥ መለየት ስለሚከብድ እብጠትንና መድማትን ይከታተሉ።

አንድ ነገር አደራ፦ እኛ ዘንድ ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ ምች ይባልና ዳማከሴ ይፈለግለታል። ምች የሚባለውም ሆነ ተራ የአፍ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይድናል። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ባያምም ይታይ። የአፍ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው።

የጥርስ ሐኪም (ባሕር ዳር)
ልክ ነው። ፍተሻው በወር አንድ ጊዜ፣ በቀን ብርሃን ወይም በባትሪ፣ መስታወት ይዞ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውለቅ። ከንፈርን ገልብጦ፣ ጉንጭን በጣት ወደ ውጭ ስቦ ማየት። ከዚያ ምላስን በንጹሕ ጨርቅ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መሳብ፤ የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ወለል በሽታው የሚያዘወትራቸው ቦታዎች ስለሆኑ እዚህ ላይ አይቸኮል። በመጨረሻ ላንቃን አይቶ አንገትን በሁለቱም በኩል መዳሰስ።

ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ምልክት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀይ ምልክት፣ የጠጠረ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ፣ ከተነቀለ በኋላ ያልደረቀ የጥርስ ቦታ፦ እነዚህ ከቦታው ናሙና ተወስዶ መመርመር ያስፈልጋቸዋል። በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር አሲዘሽ ላኪያቸው። አሞክሳሲሊን ደጋግሞ መስጠት ወራት ያስበላል።

ጤና ኤክስቴንሽን (ሞጣ ዙሪያ)
እግዜር ይስጥልኝ። «30 ዓመት አጭሼ አሁን ባቆም ምን ይፈይድልኛል?» ለሚሉኝስ?

ነርስ (ደብረ ማርቆስ)
ይፈይዳል። ካቆሙ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ስጋታቸው በግማሽ ይቀንሳል። ውጥረቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በዚያ ሰሞን አረቄ ቤት ባይገቡ ይሻላል፣ መለኪያው ሲጋራውን ይጠራዋልና። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን አረቄውን በአንድ ጊዜ ቆርጦ እንዲተው አትምከሪው። መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያስከትልበት ስለሚችል መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይምጣ።